ግማሹን የዋጠው

እስቲ ቀረብ በሉ፣ በርጩማውን ሳቡት። ሐምሌ ነው፤ ጉሙ እንጅባራን ውጧት ጎረቤት ከጎረቤት በድምፅ ብቻ የሚተዋወቅበት ወር። እንዲህ ያለው ቀን ለመንገድ አይሆንም፤ ለንዴት ግን ይመቻል።

"አልሰማሁም" የሚል ሰው ጌጥ ነው፤ መልሳችሁ ትነግሩታላችሁ። ግማሹን ሰምቶ ሙሉ መልስ የሚሰጠውንስ ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ ይኸው ከልጅነቴ ጀምሮ ምን እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

ንዴቴን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ስለናት ናት። ክረምቱ ሲገባ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስትነካካ ትውላለች። ሥራዋን ጠየቅኋት። ፕሮግራም ሲታመም ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ እየጠየቁ የሚመረምሩበት መሣሪያ አለ አሉ፤ ዲበገር ትለዋለች። በውስጡ ደግሞ የሰውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚተነትን ክፍል አለው። እሷ ያንን ክፍል ከሥሩ ነቅላ እንደ አዲስ እየጻፈችው ነበር።

"ምን አጠፋ?" አልኋት።

"ጥያቄ ሲረዝምበት የፊቱን ይይዝና የኋላውን ይውጠዋል፣ እምዬ። እንዳልገባው አይናገርም። ደፍሮ ይመልሳል።"

"ያ አስተርጓሚ!" ብዬ ጮኽሁ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ልትጥለው ነበር።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ጥርባ ሐይቅ ዳር ጠባቂ የሌላት ባዝራ አገኘ። ጅብ እንዳይበላት ቤት አስገባት፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ "ባዝራ የጠፋችሁ!" እያለ ለፈፈ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ባለቤቷ ግን ራቅ ያለ አገር፣ የጥሊሊ ሰው ነበርና ልፈፋውን አልሰማም። ባዝራዋን ከደጃችን ታስራ አያትና አባቴን ሌባ ብሎ ዳንግላ ፍርድ ቤት ከሰሰው።

አባቴ ከአገውኛ በቀር አያውቅም። ዳኛውም ከሳሹም ከአማርኛ በቀር አያውቁም። በመሃል አስተርጓሚው ቆሟል፤ ጋቢውን ባንድ ትከሻው ጣል አድርጎ፣ ምሳው የሚበርድበት ይመስል እየተቻኮለ። ዳኛው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደህና አድርገው ጠየቁ፤ "ባዝራዋን የወሰድካት ባለቤቷ እስኪገኝ ልታቆያት ነው ወይስ ልታስቀራት?"

አስተርጓሚው ወደ አባቴ ዞሮ በአገውኛ፣ "ባዝራዋን ወስደሃል?" አለው።

አባቴ መዋሸት አያውቅም። "አዎ" አለ።

"አምኗል፣ ጌታዬ!"

ሁለቱንም ቋንቋ ገበያ ለገበያ ስል የለቀምሁ ኮረዳ ነበርሁና ከኋላ ሆኜ፣ "ጥያቄው አላለቀም! ግማሹን ዋጠው!" ብዬ ጮኽሁ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ እያወጣኝ፣ "አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። አባቴንስ ማን ጠየቀው?

ታሰረ። "በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ" ይላሉ፤ አባቴ የጠፋው በሰው አፍ ነው።

"አዲሱስ?" አልኋት ስለናትን።

"አዲሱ ካልገባው 'ከዚህ በኋላ ያለው አልገባኝም' ይላል። ባልደረቦቼ ግን፣ 'አሮጌው ይሻል ነበር፤ ሁልጊዜ ይመልስልን ነበር' ይላሉ።"

"ይመልስልን ነበር? ስልካቸውን አምጪ!"

"እምዬ፣ አይቆጡ።"

እንዴት አልቆጣ?

ይኸው ስለናት ሥራዋን ጨርሳለች፤ ባልደረቦቿም እያጉረመረሙ ይገለገሉበታል። ያጉረምርሙ። ባዝራዋ ያኔውኑ ጥሊሊ ገባች፤ ክስ ባይኖርም በልፈፋው ብቻ ትገባ ነበር። አስተርጓሚው እስኪያረጅ በዚያው ሥራው ኖረ፤ ሲሞትም "እንዴት ያለ ፈጣን ሰው ነበር!" ተብሎ ተለቀሰለት። አባቴ ተፈቶ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ግን "እንደምን አደርህ?" ሲሉት እንኳ "አለቀ?" ሳይል አይመልስም ነበር።

የጥሊሊው ሰውዬ የልፈፋውን ወሬ ከደብራችን ቄስ ሰምቶ ኋላ ቤታችን መጣ። "ሳላጣራ ስለ ከሰስሁህ፣ በሌባ ስም ስለ ጠራሁህ፣ ስለ ታሰርህበትም ይቅር ትለኛለህ?" አለ። ያስተረጎምሁት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አልዋጥሁም።

አባቴ ሰውየውን ትቶ እኔን አየኝ።

"አለቀ?"

"አለቀ፣ አባባ።"

"እንግዲያ አዎ በይው።"