ሳይጠየቅ የሚናዘዘው ተከራይ

በዓለም ላይ ያለው ቤት ፈላጊ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጉዱን የሚደብቅና ክቡር አቶ ኔቪል ፕራት። እኔ ሆባርት ከተማ ውስጥ የቤት ኪራይ ወኪል ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ቤት ከፍቼ ለሩብ ሰዓት አስጎበኛለሁ። ተሰላፊው ሁሉ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፈገግታውን አሳምሮ ነው የሚመጣው።

ኔቪል ግን ገና በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ይጮኻል።

«ሎሬይን፣ እንደምን አደርሽ! ከስሬያለሁ እኮ! ኪሳራዬንም በሕግ አስመዝግቤያለሁ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ማን ጠየቀህ?»

«ኋላ ከምትሰሚ አሁን ስሚ ብዬ ነዋ!»

የተጠበሰ ዓሣ ይሸጥበት የነበረውን ሱቁን የበላበት ደግነቱ ነው፤ ሰፈሩን በሙሉ በነፃ ሲያበላ ኖረ። አሁን የሚያድረው በእህቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው ጎን ነው። እህቱም ቤቱን ሸጣዋለች፤ ወሩ ሲያልቅ ማደሪያ የለውም። አከራዮች ደግሞ መክሰሩን ሲሰሙ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። አፍህን ያዝ ብዬ ብለምነው፣ «አፌን ብይዘው ፊቴ ያሳብቅብኛል» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ የወይዘሮ ዶሪንን ቤት ሳሳይ እንደ ልማዱ ለፈለፈ። ከኋላው የቆመው ጨዋ መሳይ ሰው ምን እንደነካው እንጃ፣ «እኔም… ከበሮ እመታለሁ» አለ። አንዷ ቀጠለች፤ «ድመት የለኝም ያልኩት ውሸት ነው፤ አራት ናቸው።» አንድ ባል ሲጋራ አለማቆሙን ሲናዘዝ፣ ሚስቱ ያን ቀን ገና መስማቷ ነበርና ሳሎኑ መሀል ተጣሉ። ኔቪል ይዞራል፣ ያጽናናል። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ከስሬም ቁርስ እበላለሁ!»

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዶሪን ደወሉ።

«እህስ፣ ማንን አገኘሽልኝ?»

ጠረጴዛዬ ላይ ትንፍሽ ያላሉ የሦስት ሰዎች እንከን የለሽ ማመልከቻ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኔቪል የሚባል አለ። ከስሯል።»

«አብደሻል እንዴ?»

«የሌሎቹን ጉድ የምንሰማው ከገቡ በኋላ ነው። የእሱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ የቀረ የለም።»

 ከት ብለው ሳቁ። «በይ ስጪው። ግን ዓሣ ቤቴ ውስጥ እንዳይጠብስ!»

ቁልፉን ስሰጠው አለቀሰ፤ እኔም አልቀረልኝም። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ሰልፍ ጭጭ ያለ ነው፤ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ፈገግተኛ። ኔቪል ናፍቆኛል። ትናንት አንዱን ጎብኚ፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ጣሪያው ያፈሳል» ብዬው ቁጭ አልኩ።