እግር ያለው ባክግራውንድ

ካሜራ ተደግኖ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ የአገሬ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ይህን የተረዳሁት በእህቴ የቀለበት ቀን እንጦጦ ላይ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጡኝና ላጫውታችሁ፤ ባትስቁ እንኳ አንድ ሙያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

መጀመሪያ ሙያውን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሰውየው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ጉም የሚሟሟበትን ፎቶ ታውቁታላችሁ። የትልልቅ ካሜራ ሥራ ነው ይባላል። የእኔዋ ደግሞ ሸሚዝ ኪስ የምትገባ ሚጢጢ ናት። እንዲህ ያለች ካሜራ አድልዎ አታውቅም፤ ከፊት የቆመውን ሙሽራም፣ ከኋላ የተሰጣውን ካልሲም እኩል አጥርታ ታነሳለች። «ስልክ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን የኔ ስልክ የሚያደበዝዘው በግምት ነው። የእህቴን ሹሩባ ሊለይ ሞክሮ ግማሽ ጆሮዋን ይዞባት ሄዷል።

እኔ ግን ከዚህም ከዚያም ቪዲዮ ቃርሜ፣ መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ የእናቴን ጤና አዳም ደጋግሜ እያነሳሁ ዘዴውን ደረስኩበት። ዙሙን ጥግ ድረስ ትስባላችሁ። ከዚያ ካሜራዋ የፈቀደችላችሁን ያህል ወደ ሰውየው ትጠጋላችሁ። ከጀርባው ያለውን ነገር ደግሞ በተቻለ መጠን ታርቃላችሁ። አለቀ! ሌንስ በአንድ ተረት ብቻ ያምናል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት። የቀረበውን ያከብራል፣ የራቀውን ይረሳል።

እህቴ ሕይወት፣ ገመቹ የሚባል ደግ ልጅ ልታገባ ነው። ቀለበቱ ትንሽ ዝግጅት ስለሆነ ባለሙያ አይጠራ፣ እኔ አለሁ አልኩ። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሁለቱ ብቻ ያሉበት፣ ጀርባው የሟሟ፣ በትልቁ ታትሞ ሳሎን የሚሰቀል ፎቶ። «ካበላሸኸው ሰርጌ ላይ እንዳላይህ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

ሁለቱም ቤተሰብ ተሰብስቦ እንጦጦ ወጣን። ጥንዶቹን ገላጣ ሜዳ ላይ አቆምኳቸው፤ ባሕር ዛፉ ከኋላቸው ርቆ ይታያል። ዙሙን ስቤ ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ። ይሄኔ አክስቴ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው ሕይወት ጎን ቆሙ። «እትዬ፣ ለጊዜው ሁለቱ ብቻ ናቸው» ብላቸው፣ «ብቻቸውን? ምን አጥፍተው?» አሉኝ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። የገመቹ እህቶች መጡ፣ አጎቶቹ መጡ፣ መኪናው ውስጥ ቀርቶ የነበረው ሹፌራችን እንኳ ኮሌታውን እያስተካከለ መጣ። ቪዲዮዎቹ «ባክግራውንዱን አርቁ» ይላሉ፤ ባክግራውንዱ እግር ሲኖረው ምን እንደሚደረግ ግን ማን ነገረኝ?

ራቅ በሉልኝ ብዬ ለመንኩ። የገመቹ አያት አባባ ቱሉ፣ ከከተማው ዳር፣ ካራ በሚባለው ሰፈር ሲያርሱ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ተከል አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ልጅቷን ልንለምን ስንመጣ ቅረቡ ተባልን፤ ዛሬ ሰጥታችሁን ስታበቁ ራቁ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ማስረዳት ነፍሴ ነው፤ ስለ ሌንስ ጠባይ አንድ ትምህርት ሰጠሁና «ሲርቁ እኮ ይለሰልሳሉ አባባ» ብዬ ደመደምኩ። «እኔስ ያለ ካሜራህም ለስልሻለሁ» አሉኝ።

በመጨረሻ ብልሃት መጣልኝ። «ቀጥሎ ተራው የእናንተ ነው፤ እዚያ ዛፎቹ ሥር ተሰልፋችሁ ጠብቁኝ» አልኩ። የአዲስ አበባ ሰው ተሰለፍ ከተባለ እምቢ አይልም፤ ታክሲ ስንጠብቅ አይደል ያደግነው? ሄደው በአንድ መስመር ቀጥ አሉ። ቀጭ! ሕይወትና ገመቹ ሽፋሽፍታቸው እስኪቆጠር ጠሩ፤ ከኋላቸው ነጭና አረንጓዴ ጉም ብቻ። ሕይወት ከደስታዋ ብዛት ትከሻዬን ደለቀችው።

ሽማግሌዎቹ ግን ውጤቱን ለማየት መጡ። አባባ ቱሉ ስክሪኗን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?» ሲሉ፣ በሙያዬ ኮርቼ ስለነበር «እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው።  እትዬ ዘነበችም የራሳቸውን ጉም ፈልገው አገኙና «በቁሜ አጠፋኸኝ እኮ!» አሉ። አባባ ቱሉ አሰብ አደረጉና ፈረዱ፦ «ሥራው ያምራል። እኛንም እንዲሁ አድርገህ አንሳን። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ትልቅ ሰው ፊት ይቀመጥ፣ ልጆቹ ዛፉ ሥር ይቁሙ። ሳሎን የሚሰቀለውም እሱ ይሁን፤ እነሱ ገና ብዙ ይነሳሉ።» የሽማግሌ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የአባባ ቱሉ ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የእትዬ ዘነበች የነጠላ ጥለት እጅ የሚያስዘረጋ ነው። ከኋላቸው፣ በሩቁ፣ ሁለት ለስላሳ ነጠብጣቦች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ነጯ እህቴ ናት።

ፎቶው ይኸው ሳሎናችን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ ያየውና እናቴን በሹክሹክታ፣ «እትዬ ዘነበች ቀለበት አሰሩ እንዴ? እሰይ! ሙሽራው ግን በዕድሜ ትንሽ አልገፉም?» ይላታል። ሕይወት የሰርጉን ጥሪ ለሁሉም አድላ ጨርሳለች፤ የኔ እስካሁን አልደረሰኝም።

እናንተ ግን ትንሿን ካሜራችሁን አውጡና ዛሬውኑ ሞክሩት፤ ይሠራል። ማን ይደብዝዝ የሚለውን ብቻ ቀድማችሁ ሽማግሌ ጠይቁ።