ከሦስት ሰው የሰማሁት ወሬ

እኔ የምለው፣ እናንተ ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «እውነት ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ያኔ የምጠይቀው ሌላ ነበር። «ለማን ልላከው?»

አትሳቁብኝ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ የመንን በእግሬ አቋርጬ ሳዑዲ ገብቼ፣ ዓለምን የጨረስኳት መስሎኝ ነበር። የምሠራው አሐድ አል-መሳርሐ አጠገብ፣ አንድ የቲማቲምና የባሚያ እርሻ ላይ ነው። ያኔ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ ከድርና ጋሼ ሰይድ። ሦስታችንም የወሎ ሰዎች ነን። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ደግሞ ሦስታችንም የለንም።

ጋሼ ሰይድ ወደ ስድሳው ይጠጋሉ። ስልካቸው ከመደወል በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። ወሬ የሚሰሙት ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ የባትሪ ክዳኗ ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረች። ከዐስር ሶላት በኋላ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡና የአማርኛውን ሰዓት ይጠብቃሉ። እሷ ያላለችው ነገር በዓለም ላይ አልተደረገም። ዝናብ ቢያበሰብሳቸው እንኳ ሬዲዮዋ ካላለች አልዘነበም እያልን እንስቅባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ሬዲዮ እኮ የመንግሥት ነው፤ ይዋሻል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይዋሽ» አሉኝ። «ሲዋሽ ግን ስሙን ተናግሮ ነው። ያንተው ማን ይባላል?»

ምን ማን ይባላል አለው? ስልኬ ውስጥ ስንት ቡድን አለ፣ ስንት ሰው ያወራል! የሽማግሌ ነገር ብዬ ተውኩት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታዲያ ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ። የሚናገረው ረጋ ያለ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ጂዛን ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ኢቃማ ሊሰጥ ወረቀት የሌላቸውን ሐበሾች እየመዘገበ ነው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ እስከ ሐሙስ ድረሱ ይላል። ይህን ለወንድሙ ያላስተላለፈ፣ ብሎም ጨመረ፣ በወንድሙ ላይ እንደፈረደ ይወቀው።

በወንድሜ ላይ እፈርዳለሁ እንዴ? በቆምኩበት ላክሁት። አሽ-ሹቀይቅ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ዓሣ ለሚያጠምዱት፣ ጂዛን ከተማ ላሉት፣ ስሙን ለማላውቀው ሁሉ።

ከቀትር በኋላ ወሬው ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አንዱ ከአሽ-ሹቀይቅ ላከልኝ። ሌላው ከጂዛን። ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ደግሞ «ሰማህ ወይ?» ብላ ደወለች። በቃ! ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ከድር ግን ፈራ። ከድር ሲፈራ ጆሮውን ያሻል። ጋሼ ሰይድን ጠየቃቸው።

«ሬዲዮው አላለም» አሉት። «እስኪል ቆይ።»

«ሬዲዮው እስኪል ሐሙስ ያልፋል!» አልኩ እኔ። «ከድሬ፣ ሦስት ሰው ነው የነገረኝ።»

ከድር ጆሮውን እያሸ እኔን አየ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለ።

በማግስቱ የውሃው ፓምፕ ተራ የኔ ስለነበር እሱ ቀደመ። ነጭ ሸሚዜን አዋስኩት። ከተማ ገብቶ ፎቶውን ተነሣ። ሲነሣ ደውሎልኝ ነበር፤ ወረቀቱን ካገኘ በአውሮፕላን ሄዶ እናቱን አይቶ እንደሚመለስ ነገረኝ። «ያላ፣ ፍጠን» አልኩት። ፍጠን!

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፎቶ የያዘ ሐበሻ ተሰልፏል። ዘበኛው ምን እንደሚፈልጉ እንኳ አልገባውም። ምዝገባ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሳይቆይ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ መጣና ወረቀት ጠየቀ። ወረቀት ቢኖራቸው መች ይሰለፉ ነበር?

ከድር የደወለልኝ ከተርሂል ነው፤ ወደ አገር የሚመለስ ሰው ከሚታሰርበት። «ኢብሬ፣ ውሸት ነው። አንተ እንዳትመጣ። ለሰዎቹም ንገራቸው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ፎቶዬን የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልወጣለትም።

ያታለለንን ሰው ላገኝ ተነሣሁ። የአሽ-ሹቀይቁን ልጅ ከማን ሰማህ አልኩት። «ካንተው ነዋ!» አለኝ። የጂዛኑ ከአሽ-ሹቀይቁ ነው የሰማው። ልጅቷ ደግሞ ከጂዛኑ። ኸላስ፣ አለቀ። ሦስት ሰው ያልኩት ሦስቱም እኔ ነበርኩ። ከኔ በፊት የነበረውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

«ውሸት ነው፣ እንዳትሄዱ» ብዬ ለሁሉም ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ሁሉም ነበር ያስተላለፈልኝ፤ ይህንን ያስተላለፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱማ ጭራሽ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ መለሰልኝ።

ጋሼ ሰይድ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጡም። ሬዲዮዋን አጠፉና፣ «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «ፈርቼልሃለሁ፣ አትሂድ ልለው ሲገባኝ ሬዲዮው አላለም አልኩት። ሬዲዮ ለሱ ምኑ ነው? እኔን ቢሆን ይሰማኝ ነበር።»

ከሁለት ወር በኋላ ከድር ከወሎ ደወለ። ሰላምታ ሳልጨርስ አፍረጥርጬ ነገርኩት። «ከድሬ፣ ሦስት ሰው ያልኩህ እኔው ነበርኩ።»

ከኋላው በግ ይጮሃል።

«ልክ እንዳልሆነማ ፎቶ ስነሣ ሆዴ ነግሮኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን ደክሞኝ ነበር፣ ኢብሬ። እውነት እንዲሆን ፈለግሁ። አንተ ባትልም እሄድ ነበር። ተወው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ዛሬ ወሬ ይዞብኝ የሚመጣ ሰው አበሳውን ነው የሚያየው። ማን አለ? የት ሆኖ አየ? አንተ ከማን ሰማህ? ጋሼ ሰይድ ራሳቸው «ኧረ አበዛኸው!» ይሉኛል። «ባትልም እሄድ ነበር» ያለኝን ግን፣ እውነትህን ነው ወይ ብዬ ከድርን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። እሱን እንዲሁ አምኛለሁ።