ያረፈ ትከሻ

በእኛ አገር ጤነኛ ሰው በሥራ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ ከተገኘ፣ ወይ አማች እየጠበቀ ነው ወይ ካቢኔ ሆኗል። ሌላው መቆም አለበት። ሥራ ባይኖረው እንኳ ሥራ የለኝም የሚለው ቆሞ ነው። እኔ ራሴ ሰው ቤት ገብቼ ተቀመጪ ስባል "ኧረ ቸኩያለሁ" እላለሁ፤ ከዚያ በር ላይ ቆሜ ግማሽ ቀን አወራለሁ። ወሬም ሲቆሙለት ሥራ ይመስላል።

ይህን ልማዴን ይዤ ነው እንግዲህ የጎረቤቴን የሰይድን የኮምፒውተር ጨዋታ በር ላይ ቆሜ ማየት የጀመርኩት። ሰይድ እዚሁ መካነ ሰላም ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ያመጣችለት እህቱ ዘይነባ ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ። እሷም ወዲያው ባል አግብታ ቆላ ወረደች። እሱ መብራት በመጣ ቁጥር ማመልከቻውን ትቶ ምሽግ ይገነባል። ምሽግ ስላችሁ የመቅደላን ዓይነት አምባ አስቡ፤ ብቻ ይሄኛው መስታወት ውስጥ ነው፣ ሰዎቹም ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም።

ችግሩ ድንጋዩ ሩቅ ነው። አንዱ ሰውዬ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ከተራራው ይነሳል፤ መንገድ ላይ ይርበውና ድንጋዩን ጥሎ ለምሳ ይመለሳል። ሌላው ይጠማዋል። ሌላው ደክሞት እንደወደቀ ይተኛል። ሜዳው የተጣለ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ግንቡ ከጉልበት ሳያልፍ ጠላት ገብቶ ፈጃቸው።

"የወረዳውን መንገድ ሥራ ነው እንዴ የምትጫወተው?" አልኩት። ሳቀ።

እንደገና ሲጀምር መላ አገኘ። መንገዱን ቆራርጦ በየመሐሉ ማከማቻ አበጀ፤ በየማከማቻው ሰው መደበ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ መንገድ ብቻ ይሄድና ድንጋዩን ለሚቀጥለው አስረክቦ፣ ተመልሶ ያርፋል። ግንቡ በአንድ ሳምንት ሰማይ ነካ።

"ምስጢሩ መሸከሙ አይደለም እትዬ ከድጃ" አለኝ፤ "ያረፈ ትከሻ ቦታው ላይ ተቀምጦ መጠበቁ ነው።"

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ብዬ ተረትኩለት። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

በግንቦት፣ አንድ ቀን ጧት ከቆላ ተደወለ። ዘይነባ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። መኪና የሚደርሰው ከዳገቱ አናት ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቃሬዛና የሰው ትከሻ። የቅሬው፣ ማለት የሚሸከመንም የሚቀብረንም ማኅበራችን፣ ዳኛ አባ ይመር እንደ ወጉ ወንዱ ሁሉ ይውረድ አሉ። ሰይድ ፊታቸው ቆመ።

"አባ ይመር፣ ሁሉም ከታች ከተነሳ ዳገቱ ላይ ሁሉም ደክሞ ይደርሳል። መንገዱን እንከፋፍለው። ጠንካሮቹን ስምንት ከዳገቱ ሥር ያስቀምጡልኝ። ምንም ቢሰሙ ከዚያ እንዳይነሱ።"

"ይህን ከማን ተማርከው?"

"ከጨዋታ።" ምን አለ ያን ቀን እንኳ ቢዋሽ!

አባ ይመር ጢማቸውን ዳሰሱ። "እሺ፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

ሰይድ ቆላ ወረደ። እኔም ለተሸካሚዎቹ ውሃ ይዤ ስከተል፣ ስምንቱን ጎረምሶች ከዳገቱ ሥር ሾላ ጥላ ውስጥ ተዘርግተው አገኘኋቸው። አንዱማ ጫማውን አውልቋል። ከወንዙ በኩል "ያ አላህ! ያ አላህ!" የሚሉት ተሸካሚዎች ይሰማሉ። እናንተስ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?

"ወላሂ፣ እናንተን ብሎ ወንድ!" አልኳቸው። "ምጥ የያዛት ሴት ስትንገላታ እዚህ ጥላ ትመርጣላችሁ? ነገ ሚስቶቻችሁ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ላውራላቸው?"

"ሰይድ እኮ እንዳትነሱ ብሎናል እትዬ" አለ ጫማ ያወለቀው።

"ሰይድ ፎቶ ኮፒውን ያንሳ!"

ተያዩ። ጫማ ያወለቀው ማሰሪያውን ሳያስር ብድግ አለ። ስምንቱም ቁልቁል ሮጡ፤ ወንዙን ተሻግረው ቃሬዛውን ከደከሙት ተቀበሉ። እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ!

ሜዳውን በሩጫ ጨረሱት። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን የእነሱም ጉልበት እንደ ሌላው አለቀ። እስከዚያ ዓይኑን ከእህቱ ያልነቀለው ሰይድ ከቃሬዛው ጎን ሆኖ ሾላውን አየ። ጥላው ባዶ ነው።

"የታሉ?" አለ።

ስምንቱም አጠገቡ እያለከለኩ ነበር።

ዳገቱን በየሃያ እርምጃው እያሳረፉ ወጡ። ዘይነባ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ እኩሌታው ላይ ዝም አለች። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ አናቱ ላይ ቆሞ ይታየናል። አልደረስንበትም። ልጇም በሆዷ ቀረ። አጀሏ ነው፣ የተጻፈላት ቀን ነው አሉ ሼሁ። እኔም አጀሏ ነው እላለሁ፤ ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ያን ዕለት እዚያው ከዳገቱ አናት ተቀበረች። ሴት መቃብር አፋፍ አትደርስም፤ ዓይንን ግን ማን ያግደዋል? መቃብሩ አጠገብ ድንጋይ የለም፤ የሚመጣው ከገደሉ ጫፍ ነው። ወንዶቹ ማንም ሳያዛቸው ከገደሉ እስከ ጉድጓዱ ተሰለፉ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። አንድም ሰው ቦታውን አልለቀቀም፣ አንድም ሰው ሮጦ አልተቀበለም። ስምንቱም ነበሩበት። መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚረከበው ሰይድ ነው። ለሞተ ሰው ሲሆን እናውቅበታለን።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሱቁ ጎራ አልኩ። ምሽጉን ይገነባል።

"ይቀመጡ እትዬ" አለኝ።

ቆሜ አየሁ። እነዚያ የጤፍ ፍሬዎች በየቦታቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። "አንድ ቀን እንኳ ቦታቸውን አይለቁም?" አልኩት።

"ጎረቤት የላቸውማ" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ቸኩያለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ።