አቶ እንዳላስቸግርና እጅ ያልለመደችው እንግዳ

ይሉኝታ ለሰው ልጅ ሁሉ እኩል አልታደለም። ለአንዳንዱ ጨርሶ አልደረሰውም፤ የዚያን ሰው ድርሻ ጠቅልሎ የወሰደው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እግሩን ሲረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሻይ ያለ ስኳር ቢያቀርቡለት “እንዲህ ነው የምወደው” ብሎ ይጠጣል። በር ላይ “ይለፉ”፣ “ኧረ እርስዎ ይለፉ” ሲባባል ስብሰባው ያልቅበታል።

የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ቢቋቋም ሊቀ መንበሩ ክቡር አቶ እንዳላስቸግር በሆነ ነበር፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው ለቆ ይቆማል እንጂ። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗን ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተክላ ትሠራለች። “እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው እንጂ ውኃ ጠምቶኝ ነበር” ይላታል፣ በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ቧንቧው።

ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት ያሳፍረዋል። ስለዚህ የሚወርደው ሌላ ሰው ሲወርድ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ቤቱ ሩቅ የሆነ ቀን ጉድ ፈላ። ሚስቱ እራት አቅርባ ስትጠብቅ፣ እሱ ሁለት ፌርማታ በእግሩ እየተመለሰ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አንድ ቀን እጁ ስቶ ጎንና ጎኑን ሙልጭ አድርጎ ላጨና መሃሉን እንደ አውራ ዶሮ አቆመለት። “እንዴት ነው?” ሲለው “እጅህ ይባረክ!” አለ። ሰውየው ደስ ያለው መስሎት ይኸው በየወሩ ያንኑ ይደግምለታል። አምሳ ዓመት የሞላው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አውራ ዶሮ መስሎ ሥራ ይገባል።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ዓርብ በእስክሪብቶ የተበሳሳ ካርቶን ታቅፎ ገባ።

“ምንድን ነው የያዝከው?” አለች ሚስቱ።

“እንግዳ ናት።”

ከፈተችው። ውስጡ ጊኒ ፒግ አለች፤ ከአይጥ የገዘፈች፣ ከጥንቸል ያነሰች፣ ግማሿ ነጭ ግማሿ ቡናማ፣ ጅራት የሚባል ነገር ጨርሶ ያልተፈጠረላት። ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ባልደረባው ሌላ ከተማ ሲዛወር “አንተ ትወስዳታለህ አይደል?” ብሎት ኖሯል፤ እሱም “ኧረ ደስ ይለኛል!” ብሏል።

“እና ደስ ብሎሃል?”

“ገና አላወቅሁም” አለ።

በማግስቱ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ጥፍሯን ሊያይ እጁን ገና ሲዘረጋ ተስፈንጥራ ከጠረጴዛው ወረደች። ሚስቲቱ ቀሚሷን ዘርግታ ባትቀልባት ኖሮ አልቆላት ነበር።

“እጅ አልለመደችም” አለ ሐኪሙ፣ እሱም ደንግጦ። “ጥፍሯ ደግሞ መጠምዘዝ ጀምሯል። ከተተወ ዞሮ ሥጋዋ ውስጥ ይገባል። ዛሬ በግድ ብይዛት ትታገለኛለች፤ ካመለጠችኝ አጥንቷ ይሰበራል። ስድስት ሳምንት ልስጣችሁና አለማምዷት።”

“እንዴት አድርገን?”

“ከላይ እጅ አትስደዱባት፤ ጭልፊት የመጣ ነው የሚመስላት። መሬት ተቀመጡ፣ ድምፃችሁን ትስማ፣ ከእጃችሁ ትብላ። ከዚያ ስትፈቅድላችሁ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋችሁ ታነሷታላችሁ። ስትፈቅድ ነው ታዲያ!”

“ስትፈቅድ” የሚለውን ቃል ሲሰማ የአቶ እንዳላስቸግር ፊት በራ፤ ባዕድ አገር ላይ የገዛ ቋንቋውን የሰማ ሰው መሰለ።

ሚስቱ ግን ችኩል ናት። “ስድስት ሳምንት? እኔ ስድስት ቀን ይበቃኛል” አለች። እቤት እንደደረሱ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ሰደደች። እንግዳዋ የበር ደወል የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸችና ባልየው ከአሮጌ መሳቢያና ከሽቦ በሠራላት ቤት ጥግ፣ ካርቶኗ ውስጥ ገብታ ተወተፈች። ሁለት ቀን አልወጣችም። የጣሉላት ካሮት እዚያው ደረቀ።

“እኔ ምን አደረግኳት?” አለች ሚስቲቱ። ሰው ቢሆን ታኮርፈው ነበር፤ ይህችን ማኩረፍ እንኳ አይቻልም። ቁጭ ብላ የደረቀውን ካሮት ስትለቅም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በሦስተኛው ቀን አቶ እንዳላስቸግር ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አወለቀና መሳቢያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“እንደምን ዋልሽ እንግዳዋ” አለ ዝግ ባለ ድምፅ። “እኔ ነኝ። እንዳላስቸግርሽ፣ ትንሽ ብቻ ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ።”

ትንሹ አንድ ሰዓት ሆነ። የሚያወራው ሲጠፋበት ውሎውን ይነግራት ጀመር፤ የትኛው ፋይል እንደጠፋ፣ የትኛው መደርደሪያ እንደተናደ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ሚስቱ ማሽኗ ላይ ሆና ትሰማለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ሰምታው የማታውቀውን ሁሉ ነው የምትሰማው።

“ዛሬም ኃላፊው በሌላ ሰው ስም ጠራኝ” አለ አንድ ቀን ለካርቶኑ። “ይኸው ስድስት ዓመቱ።”

ማሽኑ ቀጥ አለ።

“ስድስት ዓመት? ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።”

መርፌውን ዝቅ አድርጋ ስፌቷን ቀጠለች፤ ያን ቀን የሰፋችው ጠርዝ ግን ጠማማ ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጫፉ ላይ የኪያር ቁራጭ አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ክንዱ ይደነዝዛል፣ እግሩ ይተኛበታል፣ ሚስቱ ልብስ ተሸክማ በላዩ ትራመዳለች፤ እሱ ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ሳምንት ከካርቶኑ አፍ ላይ አፍንጫ ብቅ አለ። ኪያሩን መንትፋ ተመለሰች።

“በላችልኝ!” አለ፣ ሹመት እንደደረሰው ሰው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ “ነይ፣ ቀስ ብለሽ ነይ” ሲል በሹክሹክታ ተጣራ። ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በእግር ጣቷ ሄደች። እንግዳዋ ሁለት የፊት እግሮቿን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ባልና ሚስት ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ካውያው የደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ተረስቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰማይ ይደፋ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ልብስ ሰፊዋ “ይቃጠል፣ ሌላ ኮሌታ እሰፋለታለሁ” አለችና ማየቷን ቀጠለች።

ማንሳቱ ግን አልሆነም። በየቀኑ እጁን ከደረቷ ሥር ያስገባና ይተዋል።

“አንሳት እንጂ!”

“አልፈቀደችም።”

“ፈቃዱን ማኅተም አስመትታ ታምጣልህ?”

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ እንግዳዋ ራሷ እየተንፏቀቀች እጁ ላይ ወጣች። አንዱን እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንዱን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጎ ጭኑ ላይ በተነጠፈው ፎጣ ላይ አሳረፋት። እሷም ተዘርግታ፣ ማሽን ቀስ ተደርጎ ሲረገጥ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ከሆዷ አሰማች። አቶ እንዳላስቸግር ዓይኖቹን ጨፈነ። እራት ሲቀርብም አልተነሳም፤ ሚስቱ እዚያው መሬት ላይ አጎረሰችው።

ነገሩ ሊያምር ሲል፣ ወደ ሐኪሙ ሊሄዱ አራት ቀን ሲቀራቸው ታላቅ እህቱ መጡ። እትዬ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ቀርቶባቸው ዓለሙን በሙሉ ያሰልፋሉ። እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና በሕይወቱ “እምቢ” ብሏቸው አያውቅም። እሳቸው “ጠቦሃል” ካሉት ልክ የሆነውን ሸሚዙን ያወልቃል።

“አይጥ ታሳድጋለህ አሉኝ!” አሉ ገና ሳይቀመጡ። ጭኑ ላይ አዩዋት። “ወዲህ በላት እስቲ፣ እኔ አንድ ጊዜ ባሻት ልክ ትገባለች” ብለው ባለ ቀለበት እጃቸውን ከላይ ሰደዱ።

እንግዳዋ ተሸማቀቀች። ሚስቲቱ ባሏን አየችው። “አለቀ” አለች በልቧ፣ “አምስት ሳምንት ውኃ በላው።”

“አይሆንም፣ እትዬ” አለ አቶ እንዳላስቸግር።

እጁ እንደ ጣራ እንግዳዋ ላይ ተደፍቷል።

“ምን አልክ?”

“አይንኳት። ከላይ ሲመጡባት ትፈራለች። ከፈለጉ እዚህ መሬት ላይ ይቀመጡና እስክትመጣ ይጠብቁ።”

እትዬ ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራሱ፣ እስከዚያ አውራ ዶሮ ፀጉሩ ድረስ አዩት። ከዚያ፣ የሆነው ሆነና፣ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ዝም አሉ። ታሪክ ነው። በመጨረሻ እንግዳዋ ከጭኑ ወርዳ መጣች፣ ቀለበታቸውን አሸተተችና ተመለሰች።

“መጣችልኝ እኮ!” አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋቸው። ሲሄዱም በሩ ላይ የወንድማቸውን ኮሌታ አስተካከሉና ሳሙት።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ መቁረጫውን አዘጋጅቶ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ጠበቃቸው። ጓንቱ አላስፈለገም። አቶ እንዳላስቸግር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንግዳዋን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እግሯን አንድ በአንድ እያወጣ ሰጠው። አሥራ አራቱም ጥፍር ተቆረጠ። አንዴ ብቻ “ሲጥ” ብላ ዝም አለች።

ሐኪሙ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። “እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠበቅሁም ነበር። ምን አድርገው ነው ያለማመዷት?”

“ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩ፤ እሷው ናት” አለ አቶ እንዳላስቸግር ወደ መሬት እያየ።

“ውሸቱን ነው፣ ዶክተር” አለች ሚስቱ። “ሙያው ነው። ሳንጋባ በፊት፣ እናቴ የሞተች ዓመት፣ ያኔ በነበረኝ የስፌት ሱቅ ውስጥ ሰው አላስቀርብም ነበር፤ የገባውን ሁሉ እጮህበታለሁ። ይሄ ሰውዬ ያልተቀደደ ሱሪ ይዞ ይመጣና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ምንም አይልም፤ ቁጭ ብሎ ይሄዳል። ስምንት ወር! በስምንተኛው ወር ‘ምሳ በልተሃል?’ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይሄው እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ቢነካኝ እናከሳለሁ።”

ሐኪሙ ሳቀ። ውጭ ወረፋ የያዙትም፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና፣ ሲስቁ ተሰማ። አቶ እንዳላስቸግር እስከ ጆሮው ቀላ፤ እንግዳዋን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋት።

“ኧረ እባክሽ፣ ሰው ይሰማል” አለ።

“ይስማ!” አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ካርቶኑን ለመክፈት ጎንበስ እያለች።