ኦቦ ነገራ ዝም ብለው ፎቶ ሊያነሱ

በዚህ ዓለም ላይ ሙሽራን ማዘዝ የሚችል ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶ አንሺ ነው። ሽማግሌ ይመክራል፣ ቄስ ይባርካል፣ አማት ታኮርፋለች። ፎቶ አንሺ ግን ያዛል። በገዛ ሰርጋችሁ ቀን ፀሐይ ላይ ገትሮ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዞራችሁ ጭጭ ብላችሁ ትዞራላችሁ። እስኪ እምቢ ያለ ሙሽራ ካለ እጁን ያውጣ።

የነቀምቴው አዛዥ ክቡር ኦቦ ነገራ ናቸው። ሦስት ትእዛዛት አሏቸው፦ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና፣ እስትንፋስ ያዝ።» እነዚህን ሳይሉ የካሜራቸውን ቁልፍ ተጭነው አያውቁም። በሰፈራቸው በባኬ ጃማ መታወቂያ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱ የረዘመው በእሳቸው ምክንያት ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተጠርተው፣ የሟችን አክስት «እማማ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብለው ያልቅሱ» ብለዋቸዋል። አክስቲቱም ዞር ብለው አለቀሱ። ምን ያድርጉ?

አሁን ግን ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ ስለሚዞር ስቱዲዮው ጭር ብሏል። ኦቦ ነገራ በር ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ይህን በየቀኑ የምታየው ልጃቸው ዱረቲ፣ በቅርቡ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ተቀጥራለች። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ዩኒየኑ ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ ሥራ ለቆ ሲሄድ፣ አፏ ቀደማትና ለሥራ አስኪያጇ ለወይዘሮ ኤልዳና «አባቴ አለ» አለች። ገና ቤቷ ሳትደርስ ተጸጸተች።

«አባ» አለች ማታ እራት ላይ፤ «መግለጫ ሰርግ አይደለም። ጋዜጠኞቹ ድምፅ ይቀዳሉ። እርስዎ አንዲት ቃል ከተናገሩ ከሊቀመንበሩ ድምፅ ጋር ተቀርጻ ቴሌቪዥን ላይ ትወጣለች። ቢናገሩ እኔም ሥራዬን ላጣ እችላለሁ።»

«ቶሌ ኢንተላ ኮ። እሺ ልጄ፣ ትንፍሽ አልልም።»

«ነጩን ዣንጥላ አይዙም።»

«እሺ።»

«ፏፏቴ የተሳለበትን መጋረጃም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አላቸው። ፏፏቴው ለቡና ይስማማ ነበር።

ባለቤታቸው አዴ ባዩሽ ግን «ዝም ማለትን ሳይለማመድ የት ይሄዳል?» አሉ። በማግስቱ ሳሎን ውስጥ ልምምድ ተደረገ። አዴ ባዩሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው ጋ ተሰየሙ፤ ማማሰያውን በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አቁመው ማይክ አደረጉት። ኦቦ ነገራ ካሜራቸውን ደግነው፣ አፋቸውን ገጥመው ቆሙ።

«ክቡራን ጋዜጠኞች» ብለው ጀመሩ አዴ ባዩሽ። «የኩሽናችን ጣራ ከክረምት በፊት እንደሚጠገን በተደጋጋሚ ቃል ተገብቶልን ነበር። ክረምቱ ግን በየዓመቱ ቀድሞ ይገባል። የሚመለከተው አካል እዚህ ስላለ ምላሹን እንጠብቃለን።»

«አገጭ ቀና» አሉ ኦቦ ነገራ፤ አምልጧቸው ነው።

«አባ!» አለች ዱረቲ።

ያኔ ነው ከረሜላው የታሰበው። አፍ ውስጥ ከረሜላ ያለበት ሰው አይናገርም። ኦቦ ነገራ ትልቁን ከረሜላ ጉንጫቸው ሥር ሸጉጠው እንደገና ሲሞክሩ፣ አዴ ባዩሽ የጣራውን ጉዳይ ጨርሰው ወደ በሩ መወርወሪያ ተሻግረው እንኳ የባላቸው ድምፅ አልወጣም። አዴ ባዩሽ በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተደምጠው እንደማያውቁ ተናገሩ።

የመግለጫው ጠዋት ኦቦ ነገራ የሰርግ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረሜላቸውን ጎርሰው አዳራሹ ውስጥ ተገኙ። ለሰላምታ «አካም ቡልተኒ» ሲባሉ ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሱ ስለነበር፣ የሚያውቋቸው ሁሉ ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሏቸው አዘኑ። ዱረቲ በሩ ጋ ቆማ ዓይኗን ከአባቷ ጉንጭ ላይ አልነቀለችም።

ከፊንፊኔ የመጡት ጋዜጠኞች ማይካቸውን ደረደሩ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጂሬኛ ወደ መድረኩ ወጡ። ዩኒየኑ ቡናውን በራሱ ስም ለውጭ ገበያ ሊያቀርብ መሆኑን ሊናገሩ ነው። ሰውዬው ጎበዝ ገበሬ ናቸው፤ ከማይክ ጋር ግን ተያይተው አያውቁም። ወረቀታቸውን ዘረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዝም አሉ።

አገጫቸው ቀስ በቀስ ወረደና ኮሌታቸው ውስጥ ገባ። አንዱ ጋዜጠኛ ሰዓቱን አየ። ወይዘሮ ኤልዳና ደግሞ ዱረቲን አየቻት።

ኦቦ ነገራ በካሜራው ቀዳዳ ሲያዩ ሊቀመንበሩን አላዩም። ድሮ ማንጎ ዛፍ ሥር አቁመውት፣ ይህንኑ አገጩን ኮሌታው ውስጥ ቀብሮ አላወጣ ያለውን ሙሽራውን ጂሬኛን አዩ። ልባቸው ራራ። ከረሜላው ጉንጫቸው ውስጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ጂሬኛ» አሉ። «አገጭ ቀና።»

የሊቀመንበሩ አገጭ ወጣ።

«ትከሻ ዘና።»

ትከሻቸው ወረደ።

«እስትንፋስ ያዝ... በል ልቀቅ።»

ኦቦ ጂሬኛ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ቃላቱ አብረው ወጡ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ቡናቸው በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ የኖረበትን ዘመን እንደ ጎረቤት ወግ ያወሩት ጀመር። የፊንፊኔዎቹ ጋዜጠኞች ግን ግራ ተጋብተው ወደ ኋላ ዞረው ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው የነቀምቴ ሰው በሙሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ አገጩን ቀና አድርጎ እስትንፋሱን ይዟል።

ከመግለጫው በኋላ ወይዘሮ ኤልዳና ዱረቲን ቢሮዋ ጠራቻት። ጋዜጠኞቹ የቀዱት ድምፅ ተከፍቷል። «አገጭ ቀና» ይላል፣ ጥርት ብሎ።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር፤ ዱረቲም ለአፍታ አስባዋለች። ከዚያ ግን አንገቷ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ።

«የአባቴ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ የዱረቲን ቀጥ ያለ አንገት አየች። «መሰለኝ» አለች። «ለሚቀጥለውም ይምጡ። ትእዛዛቸውን ግን ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ይጨርሱ።»

ዱረቲ ቤት ስትደርስ ኦቦ ነገራ ሱፋቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። አገጫቸው ኮሌታቸው ውስጥ ነው።

«አሳፈርኩሽ አይደል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

ዱረቲ ካሜራውን ከጭናቸው ላይ አነሳችና ራቅ ብላ ቆመች።

«አባ፣ አገጭ ቀና።»

ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ትከሻቸውን ዘና አደረጉ፣ እስትንፋሳቸውን ያዙ። ይሄኔ አዴ ባዩሽ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «መግለጫው ካለቀ እኔ ጥያቄ አለኝ፤ ጣራውስ?» አሉ። ዱረቲ ቁልፉን የተጫነችው ልክ ያኔ ነው።

ከተማውን ሁሉ ያነሱት ኦቦ ነገራ ያላቸው የራሳቸው ፎቶ ያቺ አንዲቷ ብቻ ናት። ስቱዲዮው በር ላይ ተሰቅላለች፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። በዚያ የምናልፍ ሁሉ ግን እሷን ስናይ አንገታችንን ቀጥ እናደርጋለን።