ጋሼ ለማንኛውም ሞተር ሲገጥሙ

በየቤተሰቡ አንድ «ለማንኛውም» የሚል ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ደግማችሁ አስቡ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። ይህ ሰው በር ቆልፎ ጥቂት ይራመድና ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይይዛል፤ ጃንጥላው ቢሰበርስ ብሎ ደግሞ የዝናብ ልብስ በብብቱ ይሸጉጣል። መልእክት በአንድ ሰው ይልክና፣ መልእክተኛው መድረሱን የሚያጣራ ሌላ ሰው ከኋላው ይሰዳል።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ክቡርነታቸው ጋሼ ለማንኛውም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቁ ኖረው በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ጊዜ የአልጋቸው እግር ቢነቃነቅባቸው በሚስማር መቱት፣ በሽቦ አሰሩት፣ ከሥሩም ድንጋይ ደገፉበት። ባለቤታቸው ይኸው እስከ ዛሬ አልጋውን መግፋት አቅቷት ዙሪያውን እየጠረገች ትኖራለች።

ታናሽ እህታቸው ገበሬ ናት። በዕድሜ የሚበልጣት አንድ ትራክተር አላት። አምና ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ ሲያስቸግራት ወንድምና እህት ሆነው ፈቱት፣ በየመጋጠሚያው የሚገባውን ጋስኬት ሁሉ ቀየሩት። እሷ የፊቱን ክዳን ስትይዝ፣ ጋሼ ከሥር ያለውን፣ ዘይት የሚጠራቀምበትን ኮፓ ያዙ። ክፍተት የሚደፍነው ማሸጊያ፣ ሲሊኮኑ፣ እንደ ክር ቀጥኖ መቀባት እንዳለበት ነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ጋስኬቱን ከላይም ከታችም ቀቡት፤ ዳር ዳሩን ደግሞ እንደ ግድግዳ ለሰኑት። ብሎኑን ሲያጠብቁ ሲሊኮኑ በየጎኑ ተንፈቀፈቀ።

«አየሽ፣ ሞልቷል ማለት ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው።

በእርግጥ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ትራክተሩ ግን ሳይሰነብት እርሻው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዘንድሮ ዝናቡ ደርሷል፤ የጎረቤት መሬት ሁሉ ታርሷል፣ የሷ ብቻ ጦሙን አድሯል። ሞተሩ ካልተነሣ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ኮፓውን ከፍታ ወደ ውስጥ ብታይ፣ ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ሰማያዊ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ደፍኖታል። ሞተሩ የሞተው ዘይት ተጠምቶ ነው። ቁርጥራጩን ከወንፊቱ ለቅማ ኪሷ ከተተችው።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ጋሼ ትራክተሩ ከቆመበት መጋዘን በር።

«ቆሻሻ ነው።»

እናትና አባታቸው ሲያልፉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሰዋት፣ ለማንኛውም ብለው በአጥሩ ዞረው፣ በክፍሉ መስኮት አጮልቀው መቀመጧን ሳያዩ አይመለሱም ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው «ሞተሬን የገደልከው አንተ ነህ» ማለት እንዴት ይቻላል? ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም እንዳትል ደግሞ፣ ጋሼ አዲስ የሲሊኮን ቱቦ ይዘው ቆመዋል። ለማንኛውም ብለው በሌላው ኪሳቸው መጠባበቂያ ይዘዋል። ስለዚህ ነገሩን በአግቦ ልታደርገው ወሰነች።

«አየህ ጋሼ፣ አንዳንድ ሰው አለ፤ ሲሊኮን ያበዛል» አለች፣ ብሎን እየጠረገች፣ ቀና ሳትል።

«ይኖራል።»

«በክፋት አይደለም፤ እንዳይፈስ ብሎ ነው። ግን ትርፉ ወደ ውጭ ብቻ አይወጣም፣ ወደ ውስጥም ይገባል። ዘይቱ ውስጥ ተቆርጦ ይወድቅና ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሞተሩ ያልቃል።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምስኪን» አሉ። «ሳያውቅ እኮ ነው።»

ገባው ማለት ነው ብላ ወደ ብሎኗ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ሌላ ሰው ሆኑ። ሁለቱንም ቱቦ አስረከቧትና ጽዳቱን ያዙ። ቅባት ያለበት ብረት ላይ ሲሊኮን አይዝም ስላለቻቸው፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በቤንዚን አጠቡት፣ ጠረጉት፣ ለማንኛውም ብለው እንደገና አጠቡት። ዘይት የሚተላለፍበትን ቀዳዳ ሁሉ በሽቦ ጎረጎሩ። እንዲህ የጸዳ ሞተር አይታ አታውቅም።

እሷ ደግሞ ለየቦታው የሚሆነውን መረጠች። የሞተሩ ራስ፣ የቴስታታው ጋስኬት ምንም ሳይነካው በደረቁ ገባ። ለወረቀት ጋስኬቶቹ የማይደርቀውን ማጣበቂያ በስሱ አሸችላቸው። ለኮፓው ሲሊኮኑን ከብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል በቀጭኑ ስታዞር፣ ጋሼ ከትከሻዋ በላይ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል።

«ቀጠን አድርጊው።»

«ቀጭን ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«አሁንም ቀጠን! ለማንኛውም።»

ጸጸቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው አለች በልቧ፤ ያን በመናገሯ ቆጫት።

ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ጭስ ለቀቀ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ጋሼ ከሥሩ ካርቶን ዘርግተው በሆዳቸው ተኙ፤ ጠብታ የለም። እሷ ከደስታዋ ይልቅ ጸጸቷ በልጦባት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ነገር…»

«ተይው!» አሉና ማንም እንዳይሰማ ግራ ቀኝ አዩ። «እኔ ለማን ልንገር ብለሽ ነው? በየቀዳዳው የቀረውን ቁርጥራጭ ሁሉ ለቅሜ ቀብሬዋለሁ። ‹አንዳንድ ሰው› እያልሽ ስትናዘዢልኝ እንዴት እንደከበደሽ አይቻለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አምና የፊቱን ክዳን ስትገጥሚ መጥቼ ሳላይልሽ ቀረሁ። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ፣ የኔ እናት።»

አፏን ከፈተች። በቤንዚን የተላጡ ጣቶቻቸውን አየች። መልሳ ዘጋችው።

«አዎ ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ ሳቋ እያነቃት። «እጄ ከብዶብኝ ነው። አደራህን፣ ለማንም እንዳትል።»

«እኔ? መቃብር ነኝ!»

መቃብርም ሆኑ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ብቻ በማግስቱ ማንም አለመስማቱን ለማረጋገጥ ቤት ለቤት ዞሩ። «ስለ እህቴ ሲሊኮን ማብዛት የሰማችሁት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ። የለም ካሏቸው ተደስተው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

በሳምንቱ ትራክተሯን እየነዳች ወደ እርሻዋ ስትወጣ፣ አላፊ አግዳሚው «እህታችን፣ ሲሊኮኑን ቀጠን አድርጊው!» ይላት ጀመር። በዚያ ሰፈር ሞተር እንደሷ አድርጎ የሚገጥም የለም። እሷም ታውቀዋለች። ቢሆንም ወንድሟን ትወዳለችና እጇን አውጥታ፣ «እሺ፣ ከእንግዲህ አላበዛም!» እያለች አለፈች።